የክወና መብት ማኅበር አመራረጥ፦ ለሰሜን ሸዋ የግጥምና የዜማ ደራስያን

የክወና መብት ማኅበር የደራሲው ዘፈን በራዲዮ፣ በቴሌቪዥን፣ በመድረክ፣ በሆቴልና በኢንተርኔት ለሕዝብ ሲሰማ ክፍያውን በደራሲው ስም ሰብስቦ የሚያከፋፍል ድርጅት ነው። ክፍያው ሮያሊቲ ይባላል፤ ድርጅቱ በኢትዮጵያ ሕግ የጋራ አስተዳደር ማኅበር በሚለው ስም ይታወቃል። ከመሐል ሜዳ እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከዓለም ከተማ እስከ ደብረ ብርሃን ግጥም ገጥሞ ዜማ የሚያወጣው ብዙ ነው። የሸዋ ግጥም በየአገሩ ሲዜም ደራሲው ድርሻውን እንዲያገኝ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ማኅበሩ የሚሰበስበውንና የማይሰበስበውን ነው።

አንድ ዘፈን ብዙ ባለመብት አለው። ግጥሙና ዜማው የደራስያኑ ነው፤ ድምፃዊውና ተጫዋቹ ከዋኞች ናቸው፤ የተቀዳው ድምፅ የፕሮዲዩሰሩ ነው። የክወና መብት ማኅበር የሚያገለግለው የመጀመሪያዎቹን ነው። በአሜሪካ ለምሳሌ የኤፍኤም ጣቢያ ለደራሲው ይከፍላል እንጂ ለድምፃዊው አይከፍልም። ስለዚህ ራሱ ገጥሞ ራሱ የሚዘፍን ሰው በደራሲነት ካልተመዘገበ ከዚያ ጣቢያ የሚደርሰው የለም።

አመጣጡ

(በዚህ ክፍል የውጭ ማኅበራት ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ1847 የፈረንሳዩ የዘፈን ደራሲ ኤርኔስት ቡርዤ ፓሪስ በሚገኝ አንድ የሙዚቃ ካፌ ተቀምጦ ሳለ የራሱ ሥራ ሲዘፈን ሰማ፤ ለዘፈኔ ካልከፈላችሁኝ እኔም ለጠጣሁት አልከፍልም አለ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ቡርዤ ረታ፣ በ1851ም ሳሴም የተባለው የፈረንሳይ የክወና መብት ማኅበር ተመሠረተ። በ1914 በለንደን ዛሬ ፒአርኤስ የሚባለው፣ በኒው ዮርክ ደግሞ አስካፕ የተባሉ ማኅበራት ተቋቋሙ። ሴሳክ በ1930 ተከተለ። በ1939 የአሜሪካ ራዲዮ ጣቢያዎች የአስካፕ ዋጋ ከበደን ብለው ቢኤምአይን አቋቋሙ፤ በ1941 የአስካፕን ዘፈኖች ለወራት ከአየር አውርደውም ነበር። ቢኤምአይ አስካፕ ችላ ያላቸውን የገጠርና የብሉዝ ደራስያን በሩን ከፍቶ ተቀበለ፤ አዝማሪን ለሚያከብር አገር ሰው ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ሲሳክ ደግሞ በ1926 የተመሠረተ የማኅበራት ኅብረት ነው፤ ከሴሳክ ጋር አይምታታ።

በኢትዮጵያ የደራሲ መብት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ተካቶ ነበር። ዝርዝሩ የመጣው በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ለጋራ አስተዳደር ማኅበራት መሠረት ጣለ። አሰባሰቡ ግን ገና ጅምር ነው፤ ሆቴልና ካፌ ምን ያህል ይክፈል የሚለውም ያከራክራል።

ምርጫው

በአብዛኛው አገር ማኅበሩ አንድ ስለሆነ የሚመረጥ ነገር የለም። ሰፊ ምርጫ ያለው በአሜሪካ ነው፤ አስካፕና ቢኤምአይ አመልካች ሲቀበሉ ሴሳክ በግብዣ ብቻ ያስገባል። ደራሲው በአንድ ጊዜ ለአንድ ክልል ከአንድ ማኅበር በላይ አባል መሆን አይችልም። ሁለት ቦታ የተመዘገበ ሥራ ይጋጫል፤ ክፍያውም ክርክሩ እስኪፈታ ይታገዳል።

ደብረ ብርሃን የሚኖር ደራሲ መጀመሪያ የአገር ውስጡን ማኅበር ቢጠይቅ ይሻለዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ ዘፈኑ በብዛት ከሚሰማባቸው አገሮች ማኅበራት ጋር የውክልና ስምምነት አለው ወይ የሚለው ነው። ከሌለውና አድማጩ በብዛት ዋሽንግተን ወይም ለንደን ከሆነ የውጭ ማኅበር ማሰብ ተገቢ ነው። ያኔም የውሉ ዘመን ይታይ፦ ቢኤምአይ ደራሲን በተለምዶ ለ2 ዓመት፣ አሳታሚን (የደራሲውን ሥራ የሚያስተዳድረውን ድርጅት) ለ5 ዓመት ያስራል፤ የአስካፕ አጭር ነው። አሳታሚ ለሌለው ሰው ቢኤምአይ የአሳታሚውን ድርሻ ጭምር ለደራሲው መክፈሉ ጥሩ ጎን ነው። አነስተኛው የክፍያ መጠንና ገንዘቡ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ የሚላክበት መንገድ ከፊርማ በፊት ይጠየቅ። ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላቸው አሜሪካ ከሮያሊቲው 30 ከመቶ ቀንሳ ታስቀራለች።

ምዝገባና የሚበላሽበት

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው በስም አጻጻፍ ነው። ፀሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል አንዴ በ«ቲ» አንዴ በ«ኤስ» ይጀመራል፤ የአባት ስም አንዴ እንደ ቤተሰብ ስም ይያዛል፣ አንዴ ይዘለላል። ፓስፖርት ላይ ያለውን አንድ አጻጻፍ ይዞ እስከ መጨረሻው አለመለወጥ ነው። አባሉ አይፒአይ የሚባል የግል ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሥራው አይኤስደብሊውሲ፣ የተቀዳው ድምፅ ደግሞ አይኤስአርሲ የሚባል መለያ ቁጥር ይኖረዋል። የዘፈኑም ርእስ ሰው በሚጽፍበት ልዩ ልዩ አጻጻፍ ሁሉ በተለዋጭ ርእስነት ይግባ።

የድርሻ ስምምነት ስቱዲዮ ከመግባት በፊት በጽሑፍ ይፈረማል። ግጥም 50፣ ዜማ 50 የተለመደ ነው፤ አቀናባሪው የዜማ ሐረግ ከጨመረ ከየትኛው ድርሻ እንደሚነሣለት ይጻፍ፣ ድምሩ 100 ይሁን። አንዱ 60 ሌላው 50 ብሎ ካስመዘገበ ሥራው ተንጠልጥሎ ይቀራል።

በአዋጁ ጥበቃ ለማግኘት መመዝገብ ግዴታ አይደለም፤ ሥራው ግን ወጥ መሆንና መጻፍ ወይም መቀዳት አለበት። ለአዝማሪ ይህ ወሳኝ ነው። ማታ በማሲንቆ የወረደ ግጥም ካልተቀዳ ጠዋት ባለቤት የለውም፤ ቀኑና የተሳታፊዎቹ ስም በድምፅ ተነግሮ በስልክ መቀዳቱ ይበቃል። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ የሰጠው ስንኝ ግን የሰጪው ነው፤ ወደ አልበም ከመግባቱ በፊት ይጠየቅ።

የመንዝ የሠርግ ዜማ፣ ሽለላና ፉከራ የሕዝብ ናቸው። በእነሱ ላይ የተሠራ ዘፈን ሲመዘገብ «ሕዝባዊ ዜማ» ተብሎ፣ ደራሲው የጨመረው ብቻ በስሙ ይያዝ። የትዝታ ወይም የአምባሰል ቅኝትም የማንም አይደለም።

ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ የአባልነት ቁጥሩ፣ የድርሻ ስምምነቶቹና የሥራዎቹ ዝርዝር ቤተሰብ በሚያውቀው ቦታ ይቀመጡ፤ ወራሾች ሮያሊቲውን ለመቀበል ከእነዚህ ጋር የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይዘው ይቀርባሉ።