የካናዳ ካቶሊካዊ ቁምስናዎች እና ከነባር ሕዝቦች ጋር የሚደረገው እርቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በካናዳ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አንሥቶ እስከ 1990ዎቹ ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) 150,000 ያህል የነባር ሕዝቦች፣ ማለትም የፈርስት ኔሽንስ፣ የኢኑዊትና የሜቲስ፣ ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው በአዳሪ ትምህርት ቤቶች እንዲያድጉ ተደርገዋል። በእነዚህ ቤቶች የእናታቸውን ቋንቋ እንዳይናገሩ ተከልክለዋል፤ ብዙዎቹ ተርበዋል፣ ተደብድበዋል፣ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል፤ በሺዎች የሚቆጠሩትም በዚያው ሞተው ቀርተዋል። ከትምህርት ቤቶቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ያስተዳድሩ የነበሩት ካቶሊካውያን ነበሩ። የትምህርት ቤቶቹን ታሪክ የመረመረው የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን በ2015 ካቀረባቸው 94 ጥሪዎች መካከል በርካታዎቹ አብያተ ክርስቲያናትን በስም ጠርተው ኃላፊነት የሚሰጡ ሲሆኑ፣ ጥሪዎቹ ፍሬ ማፍራት አለማፍራታቸው የሚታወቀው ምእመናን በየሳምንቱ በሚሰበሰቡበት ቁምስና ነው። ይሁን እንጂ በየቁምስናው የሚሰሙ አንዳንድ አስተሳሰቦች ሥራውን ከመነሻው ያሰናክሉታል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ጥፋቱ የመንግሥት ነው፤ የእኛ ቁምስና ደግሞ ትምህርት ቤት አስተዳድሮ አያውቅም።»

እውነታው፦ ፖሊሲውን ያወጣው፣ ገንዘቡን የመደበውና በ1920 ሕጉን አሻሽሎ ልጆቹ በግዴታ እንዲገቡ ያደረገው የካናዳ መንግሥት መሆኑ እውነት ነው። በየዕለቱ ልጆቹን ያስተማሩት፣ የቀጡትና ያስተዳደሩት ግን ካህናት፣ መነኮሳትና ደናግል ነበሩ፤ ከሁሉም በላይ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ያስተዳድር የነበረው የኦብሌት ሚስዮናውያን ማኅበርም በ1991 ይቅርታ ጠይቋል። ሁለተኛው የአባባሉ ክፍል የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በካናዳ ሕግ ፊት «የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን» የሚባል አንድ ተቋም የለም፤ እያንዳንዱ ሀገረ ስብከትና እያንዳንዱ ማኅበር ራሱን የቻለ ነው። በ2006 በተፈረመው የካሳ ስምምነት ላይ 50 ያህል የካቶሊክ አካላት ከሌሎች ግዴታዎች በተጨማሪ 25 ሚሊዮን ዶላር ከምእመናን ለማሰባሰብ የሚቻላቸውን ሁሉ እንደሚያደርጉ ቃል ገቡ፤ የተሰበሰበው ግን ከ4 ሚሊዮን በታች ነበር፣ በ2015ም በፍርድ ቤት ውሳኔ ከቀሪው ግዴታ ነጻ ሆኑ። «እኔን አይመለከትም» የሚለው አስተሳሰብ ከጥቃቱ የተረፉ ሰዎችን ምን ያህል እንዳስከፈላቸው ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። ጳጳሳቱ በመስከረም 2021 በይፋ ይቅርታ ጠይቀው በአምስት ዓመት ውስጥ 30 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ሌላ ቃል የገቡ ሲሆን፣ ይህ ገንዘብ የሚመጣው ከሀገረ ስብከቶችና ከቁምስናዎች ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ያልነበረው ቁምስናም ቢሆን በቃሉ መጠበቅ ውስጥ ድርሻ አለው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ መጥተው ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ጉዳዩ ተዘግቷል።»

እውነታው፦ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ሐምሌ 25 ቀን 2022 በአልበርታ ክፍለ ሀገር በማስኳቺስ ይቅርታ ሲጠይቁ፣ ይህ የመጀመሪያው እርምጃ እንጂ የጉዳዩ ፍጻሜ እንዳልሆነ ራሳቸው ተናግረዋል። ካቶሊካዊ ምእመን ይህን ለመረዳት ከምሥጢረ ንስሐ ትምህርቱ ውጭ መሄድ አያስፈልገውም፦ ንስሐ መጸጸትን፣ መናዘዝንና ካሳን በአንድነት ይጠይቃልና ካሳው የቀረበት ኑዛዜ የጎደለ ነው። የኮሚሽኑ 59ኛ ጥሪ፣ ምእመናን ቤተ ክርስቲያናቸው በቅኝ አገዛዙ የነበራትን ድርሻና ይቅርታው ያስፈለገበትን ምክንያት ያለማቋረጥ እንዲማሩ ይጠይቃል። ይህም መስከረም 30 ቀን፣ በብሔራዊው የእውነትና የእርቅ ቀን፣ የልጆቹ መታሰቢያ የሆነውን ብርቱካናማ ሸሚዝ ለብሶ ከመምጣት አልፎ በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል፣ በስብከትና በወጣቶች ጉባኤ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ሥራ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ስለ መቃብሮቹ የተወራው ውሸት ሆኖ ስለተገኘ ሌላውም ያጠራጥራል።»

እውነታው፦ ይህ አመለካከት ከሁሉም በላይ እየተስፋፋ ያለና የተረፉትን ሰዎች በእጅጉ የሚያቆስል ስለሆነ በዝርዝር መታየት አለበት። በግንቦት 2021 በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሚገኘው የትከምሉፕስ ማኅበረሰብ በቀድሞው የካምሉፕስ አዳሪ ትምህርት ቤት ግቢ በራዳር የተደረገ ፍተሻ 215 የልጆች ቅሪት እንዳመለከተ አስታወቀ፤ ቁጥሩም ኋላ 200 ያህል «መቃብር ሊሆኑ የሚችሉ ቦታዎች» ተብሎ ተስተካከለ። ራዳሩ የሚያሳየው የአፈሩን መናወጥ እንጂ አጥንትን አይደለም። በርካታ የዓለም መገናኛ ብዙኃን «የጅምላ መቃብር» ብለው ዘገቡ፤ የማኅበረሰቡ መሪ ግን ምልክት የሌላቸው መቃብሮች እንጂ የጅምላ መቃብር እንዳልሆነ ወዲያው አስረድተዋል። የዘገባው ስሕተት ሊታረም ይገባል፤ የልጆቹ ሞት ግን በራዳር ላይ ብቻ የቆመ አይደለም። የኮሚሽኑን ሰነዶች የሚጠብቀው ብሔራዊው የእውነትና የእርቅ ማዕከል ከ4,000 በላይ የሞቱ ልጆችን ከሰነዶች መዝግቧል። ሳንባ ነቀርሳና ሌሎች ተላላፊ በሽታዎች በተጨናነቁ መኝታ ክፍሎች ተስፋፍተው ልጆቹን ፈጅተዋል፤ መንግሥት አስከሬን ወደ ቤተሰብ ለመላክ ገንዘብ ማውጣት ስላልፈለገም ብዙዎቹ በትምህርት ቤቱ መቃብር ተቀብረዋል።

ቁምስና ከማንም በላይ ሊረዳ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሕግ እያንዳንዱ ቁምስና የጥምቀት፣ የጋብቻና የሙታን መዝገብ እንዲይዝ ያዛል፤ በጥምቀት መዝገቡ ኅዳግ ላይም ሰውዬው በኋላ የተቀበላቸው እንደ ሜሮንና ጋብቻ ያሉት ምሥጢራት ይጻፋሉ። በትምህርት ቤት ስሙ ተለውጦ በቁጥር ይጠራ የነበረን ልጅ ዱካ ለሚፈልግ ቤተሰብ፣ አንድ ሚስዮናዊ ካህን በፈረንሳይኛ ወይም በላቲን የጻፋት አንዲት መስመር የአያትን ስም፣ የመንደሩን ስም፣ አንዳንዴም የሞት ምክንያትን ትገልጻለች። ኮሚሽኑ በ77ኛ ጥሪው ቤተ መዛግብት የሰነዶቻቸውን ቅጂ ለብሔራዊው ማዕከል እንዲሰጡ የጠየቀው ስለዚህ ነው። ቁምስናው መዛግብቱ የት እንዳሉ ማጣራት፣ ተበላሽተው ሳይጠፉ በፎቶግራፍ እንዲቀረጹ ማድረግ፣ ለሚጠይቁ ቤተሰቦች ያለ ክፍያ ማሳየትና ጽሑፉን የሚያነብላቸው ሰው ማዘጋጀት ይችላል። በሕይወት ያሉ ሰዎችን ምሥጢር መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ከመቶ ዓመት በፊት የሞተን ልጅ ስም ከዘመዶቹ መደበቅ ግን ምሥጢር መጠበቅ ሊባል አይችልም። ቤተሰብ እስኪጠይቅ መጠበቅም አያስፈልግም፤ ለአካባቢው ማኅበረሰብ ምክር ቤት «ይህ ይህ መዝገብ በእጃችን አለ» ብሎ አስቀድሞ ደብዳቤ መጻፍ ይቻላል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ከበሯቸውንና የዕፅዋት ጢሳቸውን ወደ ቅዳሴ ማስገባት እምነትን መቀላቀል ነው።»

እውነታው፦ በኤድመንተን ከተማ የሚገኘው የቀዳማውያን ሕዝቦች የቅዱስ ልብ ቤተ ክርስቲያን ከ1991 ጀምሮ የነባር ሕዝቦች ቁምስና ሆኖ ያገለግላል። በቅዳሴው ከበሮ ይመታል፣ መልካም መዓዛ ያላቸው ዕፅዋትም ይታጠናሉ፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2022 ጎብኝተውታል። በግእዝ ሥርዓት በከበሮና በጸናጽል የሚዘምር ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ፣ ወንጌል የአንድን ሕዝብ ዜማና ቋንቋ ሊለብስ እንደሚችል ከማንም ቀድሞ ሊገነዘብ የሚገባው ይመስለኛል። በተቃራኒው ግን ሥርዓቱን የማያውቅ ቁምስና ያለ ማኅበረሰቡ ሽማግሌዎች ግብዣና መሪነት ራሱ ጢስ ማጨስ ቢጀምር አክብሮት አይሆንም። የአባቶቻቸውን መንፈሳዊነት መርጠው ከቤተ ክርስቲያን የራቁም ብዙዎች ናቸው፤ እርቁ እነርሱን መልሶ የማጥመቅ ዘዴ ተደርጎ ከታሰበ የተጀመረውን ያፈርሰዋል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ከቅዳሴ በፊት ምድሩ የየትኛው ነባር ሕዝብ እንደነበረ የሚገልጸውን ጽሑፍ ማንበብ በቂ ነው።»

እውነታው፦ ንባቡ መልካም ነው፤ ግን ጥያቄ ይከተለዋል። በ1452፣ በ1455 እና በ1493 የወጡ የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ደብዳቤዎች አውሮፓውያን ነገሥታት ክርስቲያን ያልሆኑ ሕዝቦችን ምድር እንዲይዙ መከራከሪያ ሆነው አገልግለዋል፤ ቫቲካን በመጋቢት 2023 ይህን «የግኝት አስተምህሮ» እንደማትቀበለው አስታውቃለች። ቁምስናው የቆመበት መሬት በምን ውል እንደተገኘ መመርመር፣ አዳራሹን ለቋንቋ ትምህርት መፍቀድ፣ በ61ኛው ጥሪ መሠረትም ነባር ሕዝቦች ራሳቸው ለሚመሩት የፈውስና የባህል ሥራ በየዓመቱ በጀት መያዝ ከንባቡ በኋላ የሚመጡ ሥራዎች ናቸው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «እኛ ስደተኞች ነን፤ ያን ጊዜ እዚህ አልነበርንም።»

እውነታው፦ በቶሮንቶ፣ በካልጋሪና በኤድመንተን የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ሲሉ በደል አልፈጸምንም ማለታቸው ነው፤ በዚህም ትክክል ናቸው። ነገር ግን ኤድመንተን ከነባር ሕዝቦች ጋር በ1876 በተፈረመው ስድስተኛው የመሬት ውል፣ ካልጋሪ ደግሞ በ1877 በተፈረመው ሰባተኛው ውል ምድር ላይ የቆሙ ከተሞች ናቸው፤ እዚያ ቤት የሠራ ሁሉ በውሉ ተጠቃሚ ነው። ኮሚሽኑም አዲስ መጤዎችን አልረሳም፦ 93ኛው ጥሪ ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጀው ትምህርት ይህን ታሪክ እንዲያካትት፣ 94ኛው ደግሞ የዜግነት መሐላው ከነባር ሕዝቦች ጋር የተገቡትን ውሎች እንዲጠቅስ ጠይቀዋል፤ መሐላውም በ2021 በሕግ ተሻሽሏል። ከዚያ ወዲህ ዜጋ የሆነ ሰው የነባር ሕዝቦችን መብትና ውሎች የሚያካትተውን የአገሪቱን ሕግ ሊያከብር እጁን አንሥቶ ምሏል። ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ ምእመናን ያሉበት ቁምስና ከተረፉት ሰዎች አንዱን ወይም ከአካባቢው ማኅበረሰብ አስተማሪ ጋብዞ፣ ለድካማቸውም ተገቢውን ክፍያ ፈጽሞ፣ የሚምሉበትን ቃል ትርጉም ከባለቤቶቹ አንደበት እንዲሰሙ ማድረግ ይችላል።