ኖላዊ፦ እግዚአብሔርን «እረኛዬ» ብሎ መጥራት

አንድ ሰው «እስቲ መዝሙር 23ን አንብብልኝ» ቢል፣ ኦርቶዶክሱ «22ን ማለትህ ነው?» ብሎ ሊያርመው ይችላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሰባ ሊቃናት ወደ ግሪክ የመለሱት መጽሐፍ የዕብራይስጡን 9ኛና 10ኛ መዝሙር አንድ አድርጎ ይቆጥራል። ከዚያ በኋላ ያሉት አብዛኞቹ መዝሙሮች በአንድ ቁጥር ዝቅ ይላሉ። የግእዙ ዳዊት ግሪኩን ተከተለ፤ ፕሮቴስታንቶች ዕብራይስጡን ይዘው ቀሩ። አንዳንዱ ደግሞ 22(23) ብሎ ጽፎ ይገላገላል። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፥ የሚያሳጣኝም የለም» የሚለውን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ክርስቲያን ግን ማግኘት ይከብዳል። ሚኒባስ መስታወት ላይ ተለጥፏል። ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

መሪን እረኛ ማለት ከእስራኤልም በፊት ነበር። የባቢሎኑ ንጉሥ ሐሙራቢ በሕጉ መግቢያ ራሱን እረኛ ብሎ ጠርቷል። የግብፅ ፈርዖኖችም የእረኛ ቆልማማ በትር የሥልጣን ምልክታቸው ነበር። እዚያ እረኛው ንጉሡ ነው። በመዝሙሩ ግን የንግግሩ አቅጣጫ ተገልብጧል። ተናጋሪው በጉ ነው።

መዝሙሩ የዳዊት ነው ይባላል። ዳዊት ደግሞ ሥራውን ያውቀዋል። ሳሙኤል ንጉሥ ሊቀባ ወደ እሴይ ቤት ሲመጣ፣ ልጆቹ ሁሉ ተሰልፈው እሱ ብቻ በጎች ዘንድ ነበር። ታናሽ ነዋ! ይህን ለእኛ ገጠር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በጎች የሚጠብቀው የቤቱ ትንሽ ልጅ ነው። ቆሎ በኪሱ ይዞ ይወጣል፤ ማታ በጎቹ ተቆጥረው አንዱ ከጎደለ ግን ጉድ ይፈላል። እግዚአብሔር በዚህ ልጅ ሥራ መጠራቱ ለኔ ከንጉሥነቱ በላይ ይገርመኛል።

አንድ ልዩነት ግን አለ። የእኛ እረኛ ባብዛኛው ከኋላ ሆኖ ነው የሚነዳው። እያፏጨ፣ ድንጋይ እየወረወረ፣ ዱላውን እያወዛወዘ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለው እረኛ ግን «በፊታቸው ይሄዳል»። በጎቹ ድምፁን ስለሚያውቁ ይከተሉታል። መዝሙሩ «ይመራኛል» ሲል ይህንን ማለቱ ነው። ገደሉንም ጅቡንም ቀድሞ የሚያገኘው እረኛው ነው።

የመዝሙሩ እምብርት ግን «ነፍሴን መለሳት» የሚለው ይመስለኛል። ግእዙ «ሜጣ ለነፍስየ» ይላል። ሜጠ ማለት የሄደውን መለሰ፣ አዞረ ነው። እንግዲህ የሚመለሰው የሄደ ነው። ሕዝቅኤል ምዕራፍ 34 ይህንን ያብራራዋል። እግዚአብሔር መጀመሪያ መንጋውን ትተው ራሳቸውን ያሰማሩ እረኞችን ይከሳል። ወተቱን ትበላላችሁ፣ ጠጉሩን ትለብሳላችሁ፣ የሰባውን ታርዳላችሁ፣ በጎቹን ግን አታሰማሩም ይላቸዋል። ቀጥሎ ሥራውን ራሱ ይረከባል፤ የጠፋውን እፈልጋለሁ፣ የባዘነውን እመልሳለሁ፣ የተሰበረውን እጠግናለሁ፣ የደከመውን አጸናለሁ ይላል። (ምእመናን በቤተ ክርስቲያን መሪዎች ሲያዝኑ ይህን ምዕራፍ የሚጠቅሱት ወደው አይደለም።) በሉቃስ 15 ደግሞ ዘጠና ዘጠኙን በበረሃ ትቶ አንዱን ፍለጋ የሚወጣ እረኛ አለ። ሲያገኘው አይገርፈውም። ትከሻው ላይ ያደርገዋል።

ወደ መዝሙሩ ስንመለስ፣ መሀሉ ላይ አነጋገሩ ይለወጣል። እስከዚያ ድረስ «ያሳድረኛል፣ ይመራኛል» እያለ ስለ እግዚአብሔር ያወራ ነበር። የሞት ጥላ ውስጥ ሲገባ «አንተ ከእኔ ጋር ነህና» ይላል። ከዚያ በኋላ ገበታ፣ ዘይትና ጽዋ ይመጣሉ፤ እረኛው እንግዳ ተቀባይ ሆኗል።

ስለ ግእዙ ሌላም የሚነገር አለ። «በዕረፍት ውኃ ዘንድ ይመራኛል» የምንለውን ግእዙ «ወኀበ ማየ ዕረፍት ሐፀነኒ» ይለዋል። ሐፀነ ማለት አሳደገ፣ ተንከባከበ ነው፤ ሐፃኒት ሞግዚት ናት። ግሪኩም መገበኝ፣ አሳደገኝ የሚል ቃል ነው ያለው። ስለዚህ ግእዙን የሚደግም ሰው ውኃው ዳር የሚያየው መሪን ብቻ አይደለም፤ አሳዳጊም ነው። የመጀመሪያው ቃል ደግሞ ይበልጥ ደስ ይላል። «እግዚአብሔር ይሬዕየኒ» በዐይኑ ዕ ሲጻፍ ይጠብቀኛል፣ ያሰማራኛል ነው። በአልፋው እ «ይሬእየኒ» ቢባል ያየኛል ይሆናል። ሁለቱ ፊደላት ዛሬ አንድ ዓይነት ስለሚነበቡ፣ ጆሮ ብቻውን አይለያቸውም።

ክርስቲያኖች ይህን ሁሉ በኢየሱስ ላይ ያነቡታል። «መልካም እረኛ እኔ ነኝ» ብሏልና። በሮም የምድር ውስጥ መቃብሮች፣ ሶርያ ውስጥ ደግሞ በዱራ ኤውሮፖስ የ3ኛው ክፍለ ዘመን የጸሎት ቤት፣ በግ የተሸከመ እረኛ ተሥሎ ተገኝቷል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከገና በፊት ያሉት ሦስት እሁዶች ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ። ኖላዊ በግእዝ እረኛ ነው። የዚያን ዕለት የዮሐንስ 10 ወንጌል ይነበባል። በወንጌላውያን ዘንድ ደግሞ «ፓስተር» የሚለው መጠሪያ ራሱ በላቲን እረኛ ማለት ነው። ጴጥሮስ «ግልገሎቼን አሰማራ» ተብሎ ከተላከ ወዲህ ሥራው በአደራ የተሰጠ ነው፤ መንጋው የእረኛው የግሉ አይደለም።

ዳዊት የሚደግሙ ሰዎች መዝሙሩን የሚያገኙት ሰኞ ነው። 150ው መዝሙር በሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሏል፤ ከ1 እስከ 30 ያለው የሰኞ ድርሻ ነው። አሥር አሥሩ መዝሙር አንድ «ንጉሥ» ይባላል፤ 22ኛው ሦስተኛው ንጉሥ ውስጥ ይገባል። ከሱ በፊት ያለው 21ኛው «አምላኬ አምላኬ፥ ለምን ተውኸኝ?» ብሎ የሚጀምረው ነው። ሰኞ ጠዋት ሁለቱ በተርታ ይደገማሉ።