የሴንትኦኤስ 6 ሰርቨር አነሳስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሊኑክስ ላይ የተመሠረተው የሴንትኦኤስ 6 ኦፐሬቲንግ ሲስተም ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2020 ቢያበቃም፣ ይህን ሲስተም የተሸከመ ማሽን ዛሬም በየሰርቨር ክፍሉ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰርቨር ግራፊክሱን ትቶ በጽሑፍ ገጽ ብቻ እንዲነሳ ማድረግ የአንዲት አኃዝ ለውጥ ነው፤ ሆኖም በዚህች አኃዝ ዙሪያ የሚነገረው ሁሉ ትክክል አይደለም።

«ኢኒት 3 የሚለውን ትእዛዝ ከሰጠሁ በኋላ ሰርቨሩ ሁልጊዜ በጽሑፍ ገጽ ይነሳል።»

አይነሳም። ትእዛዙ የሚለውጠው ማሽኑ አሁን ያለበትን ራንሌቭል፣ ማለትም በቁጥር የሚጠራውን የአሠራር ደረጃ (3 የጽሑፍ ገጽ፣ 5 ግራፊክስ) ብቻ ነው። ነባሪው ራንሌቭል የተጻፈው በኢቲሲ ማውጫ ውስጥ ባለው ኢኒትታብ በተባለው ፋይል ነው፤ ከማብራሪያዎቹ በታች አይዲ፣ 5 እና ኢኒትዲፎልት በሁለት ነጥብ ተለያይተው የሰፈሩበት አንድ መስመር ይገኛል። 5ቱ በ3 ሲተካ ለውጡ የሚታየው በሚቀጥለው አነሳስ ነው።

«ኢኒትታብ እንደ ድሮው ሌሎች ፕሮግራሞችንም ያስነሳል።»

ይህ እስከ 5ኛው እትም ድረስ እውነት ነበር። በ6ኛው እትም ሥራውን አፕስታርት የተባለው የማስነሻ ፕሮግራም ስለተረከበ፣ በፋይሉ ውስጥ ከነባሪው ራንሌቭል በቀር የሚጨመር መስመር ሁሉ ሰሚ የለውም።

«ከ0 እስከ 6 ያለው ቁጥር ሁሉ ነባሪ ሊሆን ይችላል።»

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ይህ ነው። 0 ማለት መዝጋት፣ 6 ማለት እንደገና ማስነሳት ነው፤ ስለዚህ 6 የተጻፈበት ሰርቨር ተነስቶ ሳያበቃ ራሱን መልሶ ያስነሳል፣ ይህንኑም ያለማቋረጥ ይደጋግማል። ያም ሆኖ ሲስተሙን እንደ አዲስ መጫን አያስፈልግም። ማሽኑ ሲከፈት ሲስተሙን የሚጭነው ግሩብ የተባለው ፕሮግራም ሰከንድ ሲቆጥር ቁልፍ ተጭኖ ሜኑውን ማስቆም፣ የላቲን ፊደላት መጀመሪያ የሆነችውን «ኤ» መጫን፣ በከርነሉ (በሲስተሙ እምብርት) መስመር መጨረሻ ላይ ክፍት ቦታ ትቶ 1 መጻፍና ኢንተር መጫን በቂ ነው፤ ማሽኑ በነጠላ ተጠቃሚ ሁኔታ ሲነሳ ፋይሉ ይታረማል። በዚህ እትም ነጠላ ተጠቃሚ ሁኔታ እንደ ነባሪ የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ለጥገና ቢመችም፣ ሰርቨሩ አጠገብ ለሚደርስ ለማንኛውም ሰው በሩ ክፍት ነው ማለት ስለሆነ የክፍሉ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ በቁም ነገር ሊታሰብበት ይገባል።

«ራንሌቭል 3 ግራፊክሱን ያጠፋል፣ ኔትወርኩንም ያቋርጣል።»

ሁለቱም አይደለም። ግራፊክሱ እንደተጫነ ይቆያል፤ ሲያስፈልግ ስታርትኤክስ በሚለው ትእዛዝ ይከፈታል። ኔትወርኩና ከርቀት መግቢያው ኤስኤስኤችም እንደ ወትሮው ይሠራሉ። መፈተሽ ያለበት ሌላ ነገር ነው፤ በራንሌቭል 5 ብቻ እንዲነሳ የተመዘገበ ሰርቪስ በ3 ስለማይነሳ፣ ቁጥሩን ከመለወጥ በፊት የትኛው ሰርቪስ በየትኛው ራንሌቭል እንደሚነሳ በሚያሳየው በቼክኮንፊግ ትእዛዝ ዝርዝር የዳታቤዙንና የዌብ ሰርቨሩን መስመር አንድ በአንድ ማየት ይገባል። እኔ ይህን ሳላይ ማሽን እንደገና አላስነሳም።

«በሁሉም ሊኑክስ ዘዴው አንድ ነው።»

ሌላ የሊኑክስ ዓይነት በሆነው በቆየው ዴቢያን ከ2 እስከ 5 ያሉት ራንሌቭሎች ሲጫኑ አንድ ዓይነት ስለሆኑ፣ ቁጥሩን መቀየር ብቻውን ግራፊክሱን አያስቀርም። ሴንትኦኤስ 7 ደግሞ በአፕስታርት ፈንታ ሲስተምዲን ስለሚጠቀም ኢኒትታብን ጨርሶ አያነብም፤ ነባሪው የሚቀየረው በሲስተምሲቲኤል ትእዛዝ ነው።