ፓኤያ ለእራት አይታዘዝም! ስለ ዴኒያ ምግብ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዴኒያ ቫሌንሲያ እና አሊካንቴ መሃል ያለች የስፔን የባህር ዳር ከተማ ናት፣ ወደ ኢቢዛ የሚሄደው ፌሪ የሚነሳባት። ዩኔስኮ በ2015 በምግብ ጥበብ የፈጠራ ከተማ ብሎ መዝግቧታል። እኔ እዚሁ ሩዝ ቤት ነው የምሰራው፣ መጀመሪያ ኪችን ነበርኩ አሁን አስተናጋጅ ነኝ፣ ከጀርመንም ከስዊድንም ለእረፍት የሚመጣው ሰው፣ አበሻውም ፈረንጁም፣ ያው አንድ አይነት የተሳሳተ ወሬ ይዞ ይመጣል፣ መጥፎ ምግብ በውድ ይበላል፣ ከዛ "ስፔን ምግብ የለም" ብሎ ይሄዳል። በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ምግቡ እዚሁ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ አለ። (ሰዓቱን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

"ማታ ባህሩ ዳር ቁጭ ብለን ፓኤያ እንበላለን"

አትበሉም! ፓኤያ፣ ሰፊ መጥበሻ ላይ የሚሰራው የቫሌንሲያ ሩዝ፣ የምሳ ምግብ ነው። የአገሬው ሰው ሩዝ የሚበላው ከ14፡00 እስከ 16፡00 ባለው ጊዜ ነው፣ በተለይ እሁድ ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ ማታ ሩዝ ሆድ ላይ ይከብዳል ነው የሚሉት። ስለዚህ ደህና ሩዝ ቤት መረቁን የሚያፈላው ለምሳ ነው፣ ሩዝ የሚያውቀው ሼፍም የሚገባው ለምሳ ነው፣ ማታ ጭራሽ ሩዝ የማያወጡ ብዙ ቤቶች አሉ። ቱሪስት በሚበዛበት መንገድ 21፡00 ላይ ቁጭ ብላችሁ ፓኤያ በአምስት ደቂቃ ከመጣላችሁ ወይ ከምሳ የተረፈ ነው ወይ ከፋብሪካ በረዶ ሆኖ የመጣ ነው።

ለምን በአምስት ደቂቃ አይሆንም? ሩዙ ጥሬውን ነው ሰፊው መጥበሻ ላይ የሚገባው፣ ሥጋው ወይ አሳው ከቲማቲም ጋር ቁሌቱ ተሰርቶ፣ መረቅ ተጨምሮ፣ ከዛ 18 ደቂቃ አካባቢ ይበስላል፣ በዚህ ጊዜ ማማሰያ የሚባል ነገር አይነካውም፣ ከነካው ስታርቹ ይወጣና ገንፎ ይሆናል። ሩዙ ስስ ተደርጎ ነው የሚነጠፈው፣ ከአንድ ጣት ውፍረት አያልፍም፣ ለዚህ ነው መጥበሻው ያን ያህል ሰፊ የሆነው፣ ለዚህም ነው ቢያንስ ለሁለት ሰው ካልሆነ አንሰራም የምንለው። መጨረሻ ላይ መረቁ ሲያልቅ ድምጹ ይቀየራል፣ ቡልቅ ቡልቅ ማለቱ ቆሞ ቀጭን የመንጣጣት ድምጽ ይመጣል፣ የኛ ሼፍ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሰጥቶ ነው የሚያዳምጠው። ያኔ ነው ከስር ሶካራት የሚባለው ቡናማ ቅርፊት የሚይዘው። ትንሽ ካለፈ ያርራል፣ ቀድሞ ከወረደ ሶካራት የለም። ይሄ ሁሉ ከትእዛዝ እስከ ጠረጴዛ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል።

አንዴ ሰመር ላይ የኢቢዛ ፌሪ ሊያመልጠው የደረሰ ሰውዬ "ለአንድ ሰው ፓኤያ፣ ቶሎ" አለኝ፣ አይደርስም ሌላ ነገር ላምጣልህ ስለው ተቆጥቶ ወጣና በር ላይ የምግብ ፎቶ የደረደረ ቤት ገባ። ወዲያው ቀረበለት፣ በቀለም ቢጫ የሆነ ሩዝ ላይ አተርና ሁለት ሽሪምፕ፣ ሶስት ጉርሻ በልቶ ትቶት ሄደ። እንደዚህ አይነቱ ሰው ነው አገሩ ገብቶ ስለ ፓኤያ የሚያስተምረው።

ስለዚህ ጠዋት ደውላችሁ ለ14፡00 ጠረጴዛ ያዙ፣ ስትይዙም የምትፈልጉትን የሩዝ አይነት አብራችሁ ተናገሩ፣ ስትደርሱ ስራው ተጀምሮ ይጠብቃችኋል። ማታስ? ማታ የሎሬቶ መንገድን ተከትላችሁ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ትንሽ ትንሽ እየቀመሳችሁ መሄድ ነው። ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የደረቀ ኦክቶፐስ እሳት ላይ ለብለብ አድርገው በወይራ ዘይት ይሰጧችኋል፣ እሱ የዚህ አካባቢ ነው፣ ሌላ ቦታ እንደልብ አታገኙትም።

"ፓኤያ ማለት የባህር ምግብ ነው"

የቫሌንሲያው ፓኤያ ዶሮ፣ ጥንቸል፣ ሰፋፊ ፎሶሊያ፣ ትልልቅ ነጭ ባቄላ፣ ቲማቲም እና ሳፍሮን ነው፣ አንዳንዴ ቀንድ አውጣም ይገባበታል። ጥንቸል የማትበሉ አበሾች ይሄን እወቁ፣ ምክንያቱም ተቆራርጦ ስለሚመጣ ከዶሮ አትለዩትም። የባህሩ ሌላ አይነት ነው፣ ፓኤያ ዴ ማሪስኮ ይባላል። ቾሪሶ (ቅመም ያለው የአሳማ ቋሊማ) ግን የትኛውም ውስጥ የለም፣ በ2016 እንግሊዛዊው ሼፍ ጄሚ ኦሊቨር ቾሪሶ ጨምሮ ሲለጥፍ ስፔን በሙሉ ነው የጮኸበት። የቫሌንሲያ ክልል በ2021 ፓኤያን በባህል ቅርስነት ያስመዘገበውም ዝም ብሎ አይደለም።

ዴኒያ መጥታችሁ አንድ ሩዝ ብቻ የምትበሉ ከሆነ ግን አሮስ አ ባንዳ እዘዙ። የአሳ አጥማጆች ምግብ ነው፣ ገበያ የማያነሳቸውን ጥቃቅን አሳዎች ቀቅለው በመረቁ ሩዝ ይሰሩ ነበር፣ አሳው ለብቻ ሩዙ ለብቻ። ሲያዩት ምንም የለውም፣ ቡናማ ሩዝ ነው፣ ጣዕሙ በሙሉ መረቁ ውስጥ ነው ያለው። ሳህኑ ባዶ መስሏቸው የሚመልሱ ሰዎች አሉ፣ ያሳዝናል።

"ባህር አጠገብ ያለ ቤት አሳው ትኩስ ነው"

ትኩስነቱን የሚወስነው ጀልባው ነው። ጀልባዎቹ ከሰኞ እስከ አርብ ይወጣሉ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ 17፡00 ገደማ ይመለሳሉ፣ አሳው በሳጥን በሳጥን ወደቡ ላይ ባለው የጨረታ አዳራሽ ይሸጣል። ቅዳሜና እሁድ አይወጡም። ስለዚህ ሰኞ ምሳ ላይ "የዛሬ አሳ" ቢሏችሁ ከዚህ ወደብ የወጣ አይደለም፣ ሰኞ ምሳ ሌላ ነገር ብሉ። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ግን ጠይቁ፣ ባህሩ የማይታይበት የውስጥ ሰፈር ያለ ቤትም ከዛው ጨረታ ነው የሚገዛው፣ ለቪው ደግሞ አያስከፍላችሁም።

ስለ ቀይ ሽሪምፑ፣ ጋምባ ሮኻ የሚሉት፣ በመቶዎች ሜትር ጥልቀት ነው የሚጠመደው። በነጭ ሽንኩርት ተጠብሶ ካልመጣ የሚሉ አሉ፣ በጭራሽ! ጨው ባለው ውሃ ለአጭር ጊዜ ተቀቅሎ ወዲያው በረዶ ውስጥ ይገባል፣ በቃ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን መምጠጥ ነው ዋናው። በኪሎ ከመቶ ዩሮ በላይ የሚወጣበት ጊዜ ስላለ ሜኑው ላይ በዋጋ ፈንታ ኤስ/ኤም የሚል ካያችሁ "እንደ ገበያው" ማለት ነው፣ ሳትጠይቁ አትዘዙ። መጠየቅ ነውር አይደለም፣ የአገሬውም ሰው ይጠይቃል፣ ሂሳብ ሲመጣ ከመደንገጥ ይሻላል።

"ሥጋ የለውም ካሉኝ የጾም ነው"

ይሄ የኛ ሰው ስህተት ነው። አንዴ ከስቶክሆልም ከልጃቸው ጋር የመጡ እናት የፍልሰታ ጾም ገብቶ እያለ ሰላጣ አዘው ቱና እና እንቁላል ተደርጎበት መጣላቸው። "እማማ ይሄን ይመልሱት" ብዬ እኔው ቀየርኩላቸው እንጂ ሊያነሱት ነበር። እዚህ አገር ሥጋ የለውም ሲሏችሁ ቱና፣ እንቁላልና አይብ ሊኖረው ይችላል፣ ሃም (የአሳማ ሥጋ) ራሱ አርቲቾክ የሚባለው አትክልት ላይ ተበትኖ ይመጣል፣ ክሮኬታ (በዘይት የሚጠበስ ትንሽ ድብልብል) ውስጡ ወተት አለበት። "ቬጋኖ" (ከእንስሳ የሚገኝ ምንም የሌለበት) ብላችሁ እዘዙ። የአትክልት ሩዝ ስታዙም መረቁ ከምን እንደሆነ ጠይቁ፣ በአሳ መረቅ የሚሰሩት አሉ። ያለ ሃሳብ የምትበሉት ዳቦ በቲማቲምና በዘይት ነው፣ ኤስፔንካትም (የተጠበሰ ቃሪያና ደብርጃን) ጥሩ ነው፣ በጨው የደረቀውን አሳ ከላይ አታድርጉበት በሏቸው።

"የስፔን ምግብ ያቃጥላል" ይሄ ሜክሲኮ ነው፣ ሚጥሚጣችሁን ይዛችሁ ኑ።

"ታፓስ (በትንሽ በትንሹ የሚቀርብ መክሰስ) ነጻ ነው" ግራናዳ ከተማ ከመጠጥ ጋር ይሰጣሉ፣ ዴኒያ ይከፈላል።

"ሳንግሪያ ነው የሚጠጡት" የአገሬው ሰው ሰመር ላይ ቲንቶ ዴ ቬራኖ ነው የሚያዘው፣ ቀይ ወይን በለስላሳ፣ ይቀላል ይረክሳልም።

"ቲፕ ካልሰጠን ይቀየሙናል" አንቀየምም፣ ደሞዛችን ቲፕ አይደለም፣ ደስ ካላችሁ ሳንቲም ተዉ።

"ውሃ የግድ ይገዛል" ከ2022 ጀምሮ በሕግ የቧንቧ ውሃ በነጻ የመስጠት ግዴታ አለብን፣ "አግዋ ዴል ግሪፎ" በሉ። ዳቦው ግን ሜኑው ላይ ዋጋ ካለው ይታሰባል፣ የማትፈልጉት ከሆነ ሳትነኩት መልሱት።