«ዊት»፦ ከእንግሊዝኛ አፍ የጠፋው የማወቅ ግስ

«ዊት» ማወቅ የሚል ፍቺ ያለው ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ግስ ነው። ዛሬ በዕለት ንግግር አይሰማም። አንባቢ የሚያገኘው እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የኪንግ ጀምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በድሮ ግጥሞችና በሕግ ጽሑፎች ነው። ጨዋታ አዋቂነትንና ብልህነትን የሚያመለክተው «ዊት» የሚለው ስምም የዚሁ ግስ ዘመድ ነው።

ጥንታዊው እንግሊዝኛ የማወቅን ሥራ ለሦስት ግሶች አከፋፍሎ ነበር። አንድ ነገር እውነት መሆኑን ማወቅ «ዊታን»፣ ሙያ ወይም ሰው ማወቅ «ኩናን»፣ አይቶ መለየት ደግሞ «ክናዋን» ይባል ነበር፤ ድንበራቸው ግን ሁልጊዜ የጠራ አልነበረም። ጀርመንኛ ልዩነቱን እስከ ዛሬ ይዟል፤ ለጉዳይ «ቪሰን»፣ ለሰውና ለቦታ «ኬነን» ይላል። በእንግሊዝኛ «ክናዋን» «ኖው» ሆኖ ሁሉንም ጠቀለለ። «ኩናን» «ካን» ሆነና መቻል ላይ ብቻ ቀረ። «ዊት»ም ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ከአፍ ጠፋ።

የቃሉ ሥር ማየት ነው። የላቲኑ «ዊዴሬ» (ማየት)፣ የግሪኩ «ኦይዳ» (አውቃለሁ) እና የሳንስክሪቱ «ቬዳ» (ዕውቀት) ከዚያው ሥር የበቀሉ ናቸው። ያየ ሰው ያውቃልና «አይቻለሁ» ሲባል የነበረው ውሎ አድሮ «አውቃለሁ» ሆነ። ስለዚህ የግሱ መልክ የኃላፊ ጊዜ፣ ፍቺው ግን የአሁን ነው። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ አይከብደውም፤ «ገባኝ» ወይም «ራበኝ» ሲል ግሱን በኃላፊ አርብቶ የሚናገረው ስለ አሁን ነው።

እርባታውን ያወሳሰበውም ይኸው ነው። በአሁን ጊዜ «አውቃለሁ»ም «ያውቃል»ም «ዎት» ነው፤ ልክ እንደ «ካን» በሦስተኛ መደብ ነጠላ ላይ መድረሻ አይጨመርበትም። «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለው የድሮ መሐላ «ጎድ ዎት» የሆነው ለዚህ ነው። ኃላፊው «ዊስት» ነው። በሉቃስ 2፥49 ሕፃኑ ኢየሱስ ለወላጆቹ የሰጠው መልስ በኪንግ ጀምስ «ዊስት ዪ ኖት» ሲሆን፣ የአማርኛው «አላወቃችሁምን» ይላል። ይሁን እንጂ ተርጓሚዎቹ ራሳቸው ሁልጊዜ ሕጉን አልጠበቁም፤ በዘፍጥረት 39፥8 ዮሴፍ ስለ ጌታው ሲናገር «ዎት» ላይ እንደ ተራ ግስ የሦስተኛ መደብ መድረሻ ተቀጥሎበታል። ግሱ ያኔውኑ እየተረሳ እንደነበር የሚያሳብቅ ምልክት ነው። ጥንታዊ ለመምሰል የሚጽፉ ሰዎች ደግሞ «ዎት»ን ለኃላፊ ጊዜ ያውሉታል፤ ስሕተት ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን «ዊስ» የሚባለው የሐሰት ግስ ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ «ኢዊስ» የሚል ተውሳከ ግስ ነበር፤ ፍቺው «በእርግጥ» ነው፤ የጀርመንኛው «ጌቪስ» ወንድም ነው። ጸሐፊዎች መነሻውን «ኢ» ከቃሉ ነጥለው፣ አንዳንዴም በትልቁ ፊደል ይጽፉት ነበር። በእንግሊዝኛ ያ ፊደል ብቻውን ሲቆም «እኔ» ማለት ስለሆነ፣ የኋላ አንባቢዎች «እኔ አውቃለሁ» ብለው አነበቡት። «ዊስት» የሚለው ኃላፊም ስለነበረ «ዊስ» የአሁን ጊዜው መስሎ ታያቸው፤ ገጣሚዎችም ተቀብለው ተጠቀሙበት።

ግሱ ቢሞትም ቅሪቱ አልጠፋም። ምስክር የሚባለው «ዊትነስ» መጀመሪያ ዕውቀት ማለት ነበር፤ ሳያውቁ ለተደረገ ነገር የሚነገረው «አንዊቲንግሊ»ም ከዚሁ ወጥቷል። በብዛት የሚያጋጥመው ግን በአሜሪካ የክስ ጽሑፎች ውስጥ ያለው «ቱ ዊት» ነው። በጥሬው «ለማወቅ» ብሎ የሚተረጉመው ሰው ዓረፍተ ነገሩን ያበላሸዋል። ሐረጉ በጥቅል የተነገረውን ለይቶ ለመጥቀስ የሚያገለግል ስለሆነ ትክክለኛ አቻው «ይኸውም» ነው፦ «ተከሳሹ አደገኛ መሣሪያ፣ ይኸውም ቢላዋ፣ ይዞ ተገኝቷል»።