መኪናው ተጠርቷል፣ ዕቃው ግን አልመጣም

«ሪኮል» ማለት አምራቹ የደህንነት ችግር ያገኘበትን መኪና በራሱ ወጪ ሊጠግን ሲጠራ ነው። ግራ የሚያጋባው፣ ደብዳቤው ደርሶ መለዋወጫው አለመድረሱ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ አንዳንዴ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፤ ዕቃው ሲገኝ ሌላ ይላካል። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች (በግጭት ጊዜ የሚነፉ መከላከያ ከረጢቶች) በተጠሩ ጊዜ ብዙ ሰው እንዲህ ጠብቋል። ኤርባጉን የሚነፋው ኬሚካል በሙቀትና በእርጥበት ስለሚበላሽ፣ ቅድሚያ ያገኙት ሞቃትና እርጥብ አካባቢ ያሉ አሮጌ መኪኖች ነበሩ።

ደብዳቤው «አይንዱ» ካለ፣ እባክዎ መኪናውን ያቁሙት። «ከቤት ርቆ ይቁም» ካለ ደግሞ የእሳት ስጋት አለ ማለት ነው። በፊት መስታወቱ ሥር፣ ዳሽቦርዱ ጥግ ላይ የሚነበበውን ባለ 17 ፊደልና አኃዝ የሻንሲ ቁጥር ይዘው የአምራቹ ወኪል ጋ ይደውሉ። ወረፋ ይያዙ፤ ተለዋጭ መኪና ይጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ እኔ ይህችን ፈጽሞ አልተዋትም።