ኢሲጂ፦ የልብ ኮረንቲ እንዴት ወረቀት ላይ ይወጣል

ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን ኮረንቲ ወረቀት ላይ የሚያሰፍረውን ምርመራ፣ ተነሱ ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚፈራው ኮረንቲውን ነው። ደረት ላይ ስድስት፣ እጅና እግር ላይ አራት ሽቦ ሲለጠፍበት ቢፈራም አይፈረድበትም። ግን ማሽኑ ልብን ለመመርመር ብሎ ወደ ሰውነት የሚልከው ኮረንቲ የለም። ኮረንቲው የራስዎ ነው።

እያንዳንዱ የልብ ምት የሚነሳው ከቀኝ የላይኛው የልብ ክፍል፣ ሳይነስ ኖድ ከምትባል ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ ነው። ማንም ሳያዛት በራሷ ጊዜ ትቀሰቀሳለች፤ ዕረፍት ላይ ባለ ጤነኛ አዋቂ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ። ኮረንቲ ስል ግን በሽቦ የሚሄደውን አይነት አይደለም። እነ ሶዲየም፣ ካልሲየምና ፖታሲየም በሕዋሱ ግድግዳ ሲገቡና ሲወጡ የሚፈጠር ነው። አንዱ ሕዋስ ጎረቤቱን እየቀሰቀሰ ሁለቱን የላይኛ ክፍሎች ያዳርስና ኤቪ ኖድ የምትባለው መተላለፊያ ላይ ሲደርስ ትንሽ ይዘገያል፤ ይቺ መዘግየት ባትኖር የላይኛው ክፍል ደሙን ወደ ታች አራግፎ ሳይጨርስ የታችኛው ይኮማተር ነበር። ከዚያ በኋላ መንገዱ ፈጣን ነው።

ሰውነታችን ውስጥ ያለው ውሃ ጨዋማ ስለሆነ ይህ ኮረንቲ እስከ ቆዳ ይደርሳል። ግን በጣም ይደክማል፤ 1 ሚሊቮልት ገደማ ቢሆን ነው። የሪሞት ባትሪ 1.5 ቮልት ነው፣ ማለትም 1,500 እጥፍ።

ይህንን ደካማ ነገር ለመያዝ የተደከመው ድካም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ለንደን ውስጥ ኦገስተስ ዎለር የሰውን ልብ ኮረንቲ ከቆዳ ላይ መዘገበ። ጂሚ የሚባለውን ውሻውንም እግሩን የጨው ውሃ ውስጥ አስነክሮ ለሰው ያሳይ ነበር። የሱ መሣሪያ ግን ዘገምተኛ ነበር። ነገሩን ያበቃለት ሆላንዳዊው ቪለም ኤይንትሆቨን ነው፤ በሁለት ማግኔት መሃል በብር የተለበጠች፣ ዓይን የማይዛት ቀጭን የኳርትዝ ክር ወጠረ፤ የልብ ኮረንቲ ሲያልፍባት ክሯ ትወዛወዛለች፣ ጥላዋ ደግሞ የሚንቀሳቀስ የፎቶ ሰሌዳ ላይ ይቀረጻል። ማሽኑ ወደ 270 ኪሎ ይመዝን ነበር፣ ለማሠራትም አምስት ሰው ይፈልግ ነበር። ሆስፒታል ወስዶ በሽተኛ ፊት ማቆም ስለማይሞከር በ1905 ከሆስፒታሉ እስከ ላቦራቶሪው 1.5 ኪሎ ሜትር በስልክ ሽቦ አገናኘው። በሽተኛው እዚያ እጅና እግሩን የጨው ውሃ ባልዲ ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል፣ ልቡ እዚህ ይነበባል። በ1924 ኖቤል ተሸለመ። ዛሬም የምንጠራቸውን ፒ፣ ኪው፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ የሚሉትን የሞገድ ስሞች ያወጣው እሱ ነው።

ፒ የምትባለው ትንሽ ጉብታ የላይኛ ክፍሎች ሲቀሰቀሱ የምትታይ ናት። ኪው፣ አር፣ ኤስ አንድ ላይ የሚሠሩት ሹል፣ ሁሉም ሰው ፊልም ላይ የሚያውቀው፣ የታችኞቹ ነው። ቲ ደግሞ እነሱ ለቀጣዩ ምት ሲዘጋጁ። ወረቀቱ በሰከንድ 25 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ ስለዚህ አንዷ ባለ 1 ሚሊሜትር ትንሽ ካሬ 0.04 ሰከንድ፣ ባለ 5 ሚሊሜትሯ ትልቋ 0.2 ሰከንድ ናት። ምቱ ወጥ ከሆነ በሁለት ሹሎች መሃል ያሉትን ትልልቅ ካሬዎች ቆጥሮ 300ን ለዚያ ማካፈል ነው። አራት ካሬ ካለ በደቂቃ 75 ምት ማለት ነው። ማንም ይችለዋል።

ሽቦው አሥር ሆኖ ሥዕሉ 12 የሚሆነው ማሽኑ ሽቦዎቹን እያቀናጀ ስለሚያይ ነው። አንድን ሠርግ በ12 ካሜራ እንደመቅረጽ ያለ ነው። ኮረንቲው ወደ ካሜራው ሲመጣ መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲሸሽ ወደ ታች ይወርዳል። የልብ ደም ስር ተዘግቶ ጡንቻው ሲጎዳ በየትኞቹ ካሜራዎች ላይ መስመሩ ከፍ እንዳለ ታይቶ የተጎዳው ግድግዳ ይገመታል። የእጅና የእግሮቹን ሽቦዎች ቀለም እኛ ለመያዝ አንቸገርም፦ በዓለም አቀፉ አሠራር ቀይ ቀኝ እጅ፣ ቢጫ ግራ እጅ፣ አረንጓዴ ግራ እግር። ጥቁሩ ቀኝ እግር ላይ ይቀራል፤ አሜሪካኖች የራሳቸው ቀለም አላቸው። የሁለቱ እጆች ሽቦ ከተቀያየረ ልብ በቀኝ በኩል ያለ የሚመስል ሥዕል ይወጣል፣ ሰውየውም በማያውቀው ጉዳይ ይደነግጣል። ብርድ ይዞት የሚንቀጠቀጥ ሰውም መስመሩን ያበላሸዋል፤ የጡንቻ ኮረንቲም እኮ ኮረንቲ ነው። «አይንቀሳቀሱ፣ አያውሩ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን ይህ ነው፦ የተለመደው ኢሲጂ የሚያየው 10 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ማታ ልቤ ይፈጥናል ብሎ ጠዋት ኢሲጂ የተነሳ ሰው ወረቀቱ ንጹህ ሊሆን ይችላል። ለዚህ 24 ሰዓት የሚታሰር ሆልተር የሚባል መሣሪያ አለ። ደግሞም ወረቀቱ የሚያሳየው ኮረንቲን እንጂ የልብን በሮች (ቫልቮች) አይደለም። እኛ አገር በብዛት የሚታየው፣ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተከትሎ የሚመጣው የሩማቲክ የልብ ሕመም የሚጎዳው በሮቹን ነው፤ ኢሲጂው ላይ ምልክት ሊተው ይችላል፣ በሩ ራሱ ምን ያህል እንደጠበበ ለማየት ግን በድምፅ ሞገድ የሚሠራው ኢኮ ያስፈልጋል።